በስተር ኪተን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኪተን በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን የታወቀ አሜሪካዊ ኮሜዲያንና የፊልም ዳይሬክተር ነው። ስለ እሱ በብዛት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

«ግድግዳው የወደቀበት ትዕይንት የካሜራ ማታለያ ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣው ፊልሙ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ይገነደስበታል፤ ኪተን የሚተርፈው የላይኛው መስኮት ክፍት ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ማዕቀፉ መሬት ላይ ተጋድሞ መስኮቱ በሰውነቱ ልክ ተሠራ፤ ከዚያ ግድግዳው ቆመ። በራሱና በትከሻዎቹ ዙሪያ የተተወለት ክፍተት 5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ቀላል ግድግዳ ለትዕይንቱ ዐውሎ ነፋስ ከሚፈጥሩት የነፋስ ማሽኖች ጉልበት የተነሳ እየተጣመመ ይወድቃል፤ መስኮቱም ቦታውን ይስታል። ለዚህ ነው ሆን ብለው ከባድ ያደረጉት። የኪተን ሥራ ምልክቱ ላይ ቆሞ አለመንቀሳቀስ ብቻ ነበር፤ ግማሽ እርምጃ ቢያፈገፍግ አለቀለት።

«ሁሉንም አደገኛ ትርኢት ራሱ ሠራ»

አብዛኛውን፣ አዎ። በ«ሸርሎክ ጁኒየር» (1924) ከባቡር ውኃ ማጠራቀሚያ የወረደው ውኃ ሐዲዱ ላይ ጥሎት የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቋል፤ የታወቀው ከዓመታት በኋላ በኤክስሬይ ነው። እዚያው ፊልም ላይ ከሞተር ብስክሌት የሚወድቀውም የሌላውን ተዋናይ ልብስ ለብሶ እሱ ነው። በ«ኮሌጅ» (1927) በምርኩዝ ዘሎ በመስኮት የሚገባው ግን የኦሎምፒክ አሸናፊው ሊ ባርንስ ነው።

«በፊልም ስቆ አያውቅም»

በ1917ቱ «ኮኒ አይላንድ» ጥርሱን አሳይቶ ይስቃል።

«የዚያ ዘመን ፊልም ሰው እየተጣደፈ የሚሄድበት ነው»

ጥድፊያው በአብዛኛው የኋላ ሰዎች ጥፋት ነው። ካሜራው በእጅ ይዞራል፤ አንድ ዙር 8 ምስል፣ በሴኮንድ ሁለት ዙር 16 ምስል። ይህን ድምፅ ከመጣ በኋላ በጸናው የ24 ምስል ፍጥነት ሲያሳዩት እንቅስቃሴው አንድ ተኩል ጊዜ ይፈጥናል። ኮሜዲ ላይ ግን ለሳቅ ሲባል ካሜራውን በዝግታ በማዞር እንቅስቃሴውን ሆን ብሎ ማፋጠንም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉን ጥድፊያ «ማስተካከል» ቀልዱን ይገድላል።

«ድምፅ መጥቶ ጣለው»

ድምፁ ችግር አልነበረበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ባለድምፅ ፊልሞቹም ገበያ አላጡም። የጎዳው በ1928 ለትልቁ የሆሊውድ ፊልም ድርጅት ለኤምጂኤም መፈረሙ ነው። በራሱ ስቱዲዮ የታሪኩን መነሻና መድረሻ ብቻ ይዞ ይወጣና መሐሉን ቀረጻ ላይ ይፈልግ ነበር። ኤምጂኤም ተጽፎ ያለቀና የጸደቀ ስክሪፕት ይጠይቃል፤ ለእሱ ይህ እጅን ማሰር ነው። መጠጡም ትዳሩም ተጨመሩበትና በ1933 ተባረረ። በኋላ እዚያው ተመልሶ ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ ይፈጥር ነበር፤ የክብር ኦስካር የተሰጠው በ1960 ነው።