ሾላና ዋርካ፦ የጣና ዳር ግዙፎች

ባሕር ዳር ላይ ባኦባብ አታገኙም። ያ ጎተራ የሚያህል ግንድ ያለው ዛፍ የቆላ ዛፍ ነው። እሱን ለማየት ወደ ቋራና መተማ መውረድ ይጠይቃል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ስለሆነ ለባኦባብ ይበርደዋል። እዚህ ግዙፎቹ ሾላና ዋርካ ናቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ።

ዋርካን ከሩቅ የሚያስታውቀው ጥላው ነው። ቁመቱ እስከ 25 ሜትር ይደርሳል። ወደ ጎን የሚዘረጋው ግን ከዚያም ይበልጣል። ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡት ከሥሩ ነው። ሾላ ደግሞ ውሃ ይወዳል፤ የወንዝና የሐይቅ ዳር ይስማማዋል። ፍሬው ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንዠርግጎ ይወጣል። ሲበስል እረኛም ጦጣም ወፍም ይሻሙበታል።

ውስጡ ያልታወቀ ነገር ሲገጥመን «ሾላ በድፍን» እንላለን። ይሄ አባባል በጣም ይገርመኛል፤ የዛፉ ትልቁ ምሥጢር በእርግጥም የተዘጋው ፍሬ ውስጥ ነውና። ሾላ ሲያብብ ያየ የለም። አበባው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው ያለው፤ እጅግ ደቃቅ፣ በመቶዎች የሚቆጠር። ወደዚያ የምትገባው ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት። ጫፉ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትሽሎከሎክ ክንፏ ይረግፋል። ይዛው የመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ውስጥ ያድጋሉ። ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ ሥራቸው ሴቶቹን ማስረገዝና መውጫ መፈልፈል ነው። ሴቶቹ ዱቄቱን ተሸክመው ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ። ዋርካም እንዲሁ የራሱ ተርብ አለው። ተርቧ ከጠፋች ዘር የሚባል ነገር የለም።

ዘሩን የሚበትኑት ፍሬውን የሚበሉት ናቸው። ለዚህ ነው ዋርካ አንዳንዴ ሌላ ዛፍ ጉያ ውስጥ በቅሎ የሚገኘው።

እንዲህ ላሉ ዛፎች ዘጌ ባለውለታ ነው። ገዳማቱ ባሉበት በዚያ ልሳነ ምድር ማረስና ከብት ማርባት በልማድ ክልክል ነበር። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና ነው፤ ቡናው ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ደኑ የተረፈው በዚህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተስማምተው እንዲዘልቁ በሚጠበቅ ቦታነት፣ መዝግቧል። ከተማው ውስጥ ግን ግንባታው ወደ ሐይቁ በተጠጋ ቁጥር ትልልቆቹ ዛፎች ይሄዳሉ። ያሳዝናል፤ የአንድን ዋርካ ጥላ ለመመለስ የሰው ዕድሜ አይበቃም።

ሾላ ግን ለመትከል አያስቸግርም። ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጦ በክረምት መግቢያ እርጥብ መሬት ላይ ቢተክሉት ሥር ይሰዳል።