ኤክስፖርት ምንድን ነው? አማርኛው ከፒዲኤፉ ላይ ሲጠፋ

ኦርግ ሞድ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራ፣ ማስታወሻና የሥራ ዝርዝር የሚያዝበት ሥርዓት ነው። «ኦርግ ሞድ አማርኛ አይችልም» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይጻፋል። የሚቀርበው ማስረጃ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኢማክስ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የሥራ ዝርዝር ፒዲኤፍ ሆኖ ሲወጣ ቁጥሮቹና የእንግሊዝኛ ቃላቱ ብቻ ቀርተው አማርኛው የለም። ማስረጃው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ የሚመነጨው «ኤክስፖርት» የሚለውን ቃል «በሌላ ስም አስቀምጥ» ከሚለው ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ኤክስፖርት ማስቀመጥ አይደለም፤ ማተምም አይደለም። ኦርግ ጽሑፉን አንብቦ የቱ ርዕስ፣ የቱ ዝርዝር፣ የቱ ሰንጠረዥ እንደሆነ ይለያል። ከዚያ ባክኤንድ ለሚባለው ክፍል ይሰጠዋል፤ ባክኤንዱም ያንኑ ጽሑፍ በሌላ የአጻጻፍ ሥርዓት እንደገና ይጽፈዋል። ለኤችቲኤምኤል የራሱ ባክኤንድ አለው፤ ላቴክ ለሚባለው የገጽ መቅረጫ ቋንቋም፣ ኦዲቲ ለሚባለው የሰነድ ዓይነትም፣ ለግልጽ ጽሑፍም እንዲሁ። ኦርግን ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢጀምረውም አሁን የምንጠቀምበት የኤክስፖርት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ከኦርግ 8.0 ጋር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ባክኤንዶች ውስጥ ፒዲኤፍ የሚባል የለም። ኮንትሮል ሲ፣ ኮንትሮል ኢ፣ ከዚያ ኤል፣ ከዚያ ኦ ብለን ፒዲኤፍ ስናገኝ ኦርግ የሠራው የላቴክ ፋይል ብቻ ነው። ፒዲኤፉን የሠራው ከኢማክስ ውጭ ያለ ሌላ ፕሮግራም ነው።

የጤፍ ዱቄት እናስብ። የኦርግ ፋይሉ ዱቄቱ ነው። ኤክስፖርት ማቡካት ነው፤ የላቴክ ፋይሉ ደግሞ ሊጡ። እንጀራው፣ ማለትም ፒዲኤፉ፣ የሚወጣው ከምጣድ ነው። ምጣዱን የሚመርጠው ኦርግ-ላቴክ-ኮምፓይለር የሚባለው ቅንብር ሲሆን፣ ካልነካነው ፒዲኤፍላቴክ የሚባለውን ይይዛል። እንጀራው ሲበላሽ መጀመሪያ ዱቄቱን መራገም አይገባም፤ ሊጡን ማየት ይቻላልና። ያው የኤክስፖርት ምናሌ ላይ ኤል ብለን ቀጥለን ትልቁን ኤል ስንጫን የላቴኩ ጽሑፍ ሳይጋገር በመስኮት ይከፈታል። አማርኛው እዚያ ውስጥ ካለ፣ ሁልጊዜም አለ፣ ኦርግ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

ታዲያ ምጣዱ ላይ ምን ይፈጠራል? ፒዲኤፍላቴክ ለግዕዝ ፊደል የተዘጋጀ ነገር የለውም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ፊደል ሲያገኝ «ይህ የዩኒኮድ ምልክት ለላቴክ አልተዘጋጀም» የሚል የስህተት መልእክት ይጽፋል። ይሁን እንጂ ኦርግ ፕሮግራሙን የሚጠራው በስህተት ላይ ሳይቆም እንዲቀጥል አዝዞ ስለሆነ፣ ፊደሉን ዘሎ ቀጣዩን ይሞክራል፤ እሱንም ይዘላል። በመጨረሻ አማርኛ የሌለበት ፒዲኤፍ ይወጣል። ከታች «ፒዲኤፍ ከስህተት ጋር ተሠርቷል» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ለአፍታ ታይቶ ያልፋል፤ ብዙ ሰው ይህን መስመር አያነበውም።

ስለዚህ ምጣዱ ይቀየራል። በፋይሉ አናት ላይ የላቴክ ኮምፓይለርን የሚወስነውን መስመር ጨምሮ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ (ሁለቱም የኮምፒውተሩን ፎንቶች መጠቀም የሚችሉ ፕሮግራሞች ናቸው) ብሎ መጻፍ ነው። ቅንብሩ የሚነበበው ኤክስፖርት በሚደረግበት ቅጽበት ስለሆነ ኢማክስን ዘግቶ መክፈት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኦርግ-ላቴክ-ፒዲኤፍ-ፕሮሰስ የሚባለውን ቅንብር ከአንድ ቦታ ቀድተው በማስጀመሪያ ፋይላቸው ውስጥ ያስገቡ ሰዎች፣ በውስጡ የፒዲኤፍላቴክ ስም በቀጥታ ተጽፎ ከሆነ፣ ከላይ ያልነው መስመር ምንም አይሠራላቸውም። ትዕዛዙ ውስጥ በስሙ ፋንታ የፐርሰንት ምልክትና ላቴክ የሚለው ቃል ተጣብቀው መኖር አለባቸው፤ ኦርግ የመረጥነውን ፕሮግራም የሚተካው በዚያ ቦታ ነው። ቅንብሩን ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ኦርግ ይዞት የሚመጣው በቂ ነው።

ምጣዱ ተቀይሮም አማርኛው ላይወጣ ይችላል፤ «እንዳላችሁት ዚላቴክ አደረግሁ፣ ያው ነው» የሚለው ሁለተኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም፤ ማሟሸቱ ፎንት መስጠት ነው። ዚላቴክ ካልተነገረው የሚጠቀምበት ላቲን ሞደርን የሚባለው ፎንት አንድም የግዕዝ ፊደል የለውም። በዚህ ጊዜ የሚጎድለው ፊደል ሥራውን የሚያቆም ስህተት ሆኖ አይቆጠርም፤ «ይህ ፊደል በዚህ ፎንት ውስጥ የለም» የሚል መስመር ፕሮግራሙ የሥራውን መዝገብ በሚጽፍበት ሎግ ፋይል ውስጥ ይሰፍራል። ኦርግ ደግሞ እንደ ልማዱ ሥራው ሲያልቅ ሎግ ፋይሉን ይሰርዛል። ምክንያቱን የሚናገረው ብቸኛ ፋይል ሰው ሳያየው ይጠፋል ማለት ነው። ችግር በሚፈለግበት ጊዜ ኦርግ-ላቴክ-ሪሙቭ-ሎግፋይልስ የሚለውን ቅንብር ኒል (ማለትም «አይ») ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

«ኢማክስ ላይ እኮ አማርኛው ይታያል፤ ፎንቱማ አለኝ» ይላል አስተያየት ሰጪው። ኤችቲኤምኤል ላይም በደንብ ይወጣል ብሎ ይጨምራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ስለ ላቴክ የሚያስረዱት ነገር የለም። ኢማክስ የያዘው ፎንት አንድ ፊደል ሲጎድለው ከኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ፈልጎ ይተካል። ብራውዘርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ኤችቲኤምኤል ሊጡን ለሰው ሰጥቶ በራሱ ቤት፣ በራሱ ምጣድ እንዲጋግረው እንደ መተው ነው። ዚላቴክ ግን እንዲህ አይተካም። የተሰጠውን ፎንት ብቻ ይይዛል፤ ባዶ ከሆነም ባዶ ያትማል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ገጽ የሚቀርጽ ፕሮግራም ሳይጠየቅ ፎንት ቢለውጥ መጽሐፍ የሚሠራ ሰው አይጠቀምበትም።

አሠራሩ አጭር ነው። ላቴክ ሄደር በሚባለው መስመር ፎንትስፔክ የሚባለውን ጥቅል መጥራት፣ ቀጥሎ ባለው ሁለተኛ መስመር ሴትሜንፎንት በሚለው ትዕዛዝ ውስጥ የፎንቱን ስም ኮምፒውተሩ በሚያውቀው አጻጻፍ ማስገባት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ሊኖር ይችላል። የምንመርጠው ፎንት የላቲን ፊደል ከሌለው ችግሩ ይገለበጣል፦ አማርኛው ይወጣና እንግሊዝኛው ይጠፋል። ያን ጊዜ ለላቲኑ ሌላ ፎንት መስጠት ግድ ነው።

ስለ ፎንት ከተነሳ አይቀር፣ አቢሲኒካ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ርዕሶቹ ደምቀው ካልወጡ ጥፋቱ የኦርግ አይደለም፤ ደማቅ የሚባል ፊደል ፎንቱ ውስጥ የለም። በሴትሜንፎንት ትዕዛዝ ውስጥ ኦቶፌክቦልድ እኩል ይሆናል 1.5 ብሎ በሰው ሠራሽ መንገድ ማወፈር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሲወፍር ግን እንደ «ጨ» እና «ጬ» ያሉት ፊደላት ውስጣቸው እየተደፈነ ለማንበብ ያስቸግራሉ። ብዙ ደማቅ ርዕስ ላለው ሰነድ የተለያየ ውፍረት ያለው ኖቶ ይሻላል። ሰያፍ ጽሑፍን በተመለከተ፣ የግዕዝ ፊደል በባህሉ ሰያፍ የለውም፤ በኦርግ በሁለት እዝባር መካከል የተጻፈ አማርኛ ሳይዘም ቢወጣ አያስደንቅም።

እስካሁን ጥፋቱን ሁሉ ከኦርግ ላይ አነሳሁ፤ በእውነትም የኦርግ የሆነ አንድ ነገር አለ፣ ሰው ግን ስለሱ ብዙም አያማርርም። ኦርግ ቃልን ለማድመቅ በሁለት ኮከብ መካከል እንድንጽፍ ይፈልጋል። ከመዝጊያው ኮከብ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ወይም ከተወሰኑ የላቲን ሥርዓተ ነጥቦች አንዱ መኖር አለበት። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ *አስቸኳይ*። ብለን ብንጽፍ ቃሉ አይደምቅም፤ ኮከቦቹ እንዳሉ ይታተማሉ። የአማርኛ ቅጥያም እንዲሁ ያበላሸዋል፦ *ሪፖርት*ን አይሠራም፤ ለ*ሰኞ* አይሠራም፤ ከ« ቀጥሎ የሚከፈት ኮከብም አይሠራም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያየው ዕድሜውን ይጨርሳል። መፍትሔው ቃሉን ከነመነሻውና ከነመድረሻው፣ ከነነጥቡም ማስገባት ነው፦ *ሪፖርቱን።* እና *ለሰኞ* ሁለቱም በትክክል ይደምቃሉ። ደማቁን ከቃል መሀል መቁረጥ የግድ ከሆነ የኦርግ መመሪያ የሚመክረው ስፋት የሌለው ክፍት ቦታ የሚባለውን ምልክት በመሀል ማስገባት ነው፤ ፎንቱ ያን ምልክት ከሌለው ግን ባዶ ሳጥን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የሥራ ዝርዝሩን በአማርኛ ማስኬድ ግን ምንም እንቅፋት የለውም። ቱዱ በሚባለው የፋይሉ አናት መስመር ላይ «ይሠራ በሂደት | ተሠራ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ከቋሚው መስመር በስተቀኝ ያለው ያለቀ ሥራ ነው። ቋሚው ካልተደረገ ኦርግ የመጨረሻውን ቃል ያለቀ አድርጎ ይወስዳል። መስመሩን ከለወጡ በኋላ እዚያው ላይ ቆሞ ኮንትሮል ሲን ሁለቴ መጫን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ «በሂደት» የሚለው ቃል የሥራው ሁኔታ ሳይሆን የርዕሱ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ፒዲኤፉ ላይም እንደዚያው ይወጣል፤ ሰውየውም ኤክስፖርቱ ተበላሸ ይላል።

አራተኛ ደረጃ ርዕስ ወደ ዝርዝር ነጥብ ሲለወጥም እንዲሁ ተበላሸ ይባላል። አልተበላሸም፤ ኦርግ እስከ 3ኛ ደረጃ ያለውን ብቻ እንደ ርዕስ የሚያወጣ ልማድ አለው። በፋይሉ አናት በሚጻፈው የኦፕሽንስ መስመር ላይ ትልቁን ኤች፣ ሁለት ነጥብና 5 ብሎ መጻፍ ጣሪያውን ከፍ ያደርገዋል። ለሥራ የተያዙ ቀኖች ፒዲኤፉ ላይ አለመታየታቸውም ቅንብር ነው፤ እዚያው መስመር ላይ ትንሹን ፒ፣ ሁለት ነጥብና ቲ ሲጨመር ይወጣሉ። የፋይል ስሞች ውስጥ ያለው የታች ሰረዝ ቀጣዩን ፊደል ወደ ታች የሚያወርደው ደግሞ ኦርግ እንደ ሒሳብ ቀመር ስለሚያነበው ነው፤ የቆብ ምልክት፣ ሁለት ነጥብና ባዶ ጥምዝ ቅንፍ ይህን ያስቆመዋል።

የማውጫው ርዕስ በእንግሊዝኛ መውጣቱ ስላስቸገራቸው የላቴክ ፋይሉን ከፍተው በእጃቸው የሚያርሙ አሉ። የላቴክ ፋይሉ በእያንዳንዱ ኤክስፖርት ከዜሮ ይጻፋል፤ እዚያ የተደረገ እርማት ሁሉ በሚቀጥለው ጊዜ ይጠፋል። ሊጡ ላይ የተጨመረ ጨው ለነገው ቡኮ አይተርፍም። ማውጫ የሚለውን ቃል ኮንቴንትስኔም በሚባለው የላቴክ ትዕዛዝ ላይ ሪኒውኮማንድ አድርጎ፣ በላቴክ ሄደር መስመር በኦርግ ፋይሉ ውስጥ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። ከአንድ በላይ ፋይል ካለ እነዚህን የአናት መስመሮች ሁሉ ለብቻው ባለ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱ ሰነድ አናት ላይ ሴትአፕፋይል በሚለው መስመር መጥራት ይቻላል፤ ፎንቱን አንድ ቦታ ሲለውጡ ሁሉም ይለወጣል።