ከሥራው በፊት ስሙ

ከወጣቶች ጥናት በኋላ ወንበር እየሰበሰብኩ ነበር። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ቀረብ አለና ያግዘኝ ጀመር። ማገዙ ሰበብ እንደሆነ ገብቶኛል። አምስት ስድስት ወንበር ከደረደረ በኋላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለኝ።

«ጠይቀኝ።»

«ጥሪዬን አላወቅኩትም። ጓደኞቼ ሁሉ አውቀዋል። አንዱ ይዘምራል። አንዷ ሕክምና እየተማረች ነው፣ ጌታ የጠራኝ ለዚህ ነው ትላለች። እኔ ጋ ሲደርስ ምንም የለም። ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

ምን አልኩት? «ጹም፣ ጸልይ፣ ጌታ በጊዜው ይገልጥልሃል።» ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። ምክሩ ውሸት የለበትም። ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። ልጁ የጠየቀኝ «ማን ነኝ?» ብሎ ነው። እኔ የመለስኩት «ምን ልሥራ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ነው። ሥራህን ስታገኝ ያኔ ራስህንም ታገኛለህ ብዬ ሰደድኩት ማለት ነው። ይህንንማ ዓለምም በነፃ ያስተምረዋል። ለዚህ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልገውም ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። እስቲ ወደ ዮርዳኖስ እንውረድ።

ጌታ ኢየሱስ አገልግሎቱን ሲጀምር 30 ዓመት ገደማ እንደነበር ሉቃስ ጽፏል። እስከ ጥምቀቱ ቀን ምን ሠርቶ ነበር? በወንጌላት የተጻፈ አንድ ተአምር የለም። አንድ ስብከት የለም። ገና ደቀ መዝሙር አልጠራም። የቃና ሰርግ ከዚያ በኋላ ነው፤ ዮሐንስም የምልክቶቹ መጀመሪያ ያ እንደሆነ ይነግረናል። የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት ጸራቢ መሆኑን ነው። ሰማይ የተከፈተው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። «የምወድህ ልጄ አንተ ነህ፣ በአንተ ደስ ይለኛል።»

ይህ ድምፅ አልዓዛር ከመቃብር በወጣ ማግስት ቢመጣ ኖሮ እንደ ሽልማት እንሰማው ነበር። የመጣው ግን መጀመሪያ ላይ ነው። ሕዝቡ ምንም ከማየቱ በፊት አብ ደስታውን ተናገረ።

ከዚያ ወዲያው ምድረ በዳ። 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾመ፣ ተራበ። ፈታኙ መጣና «የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ» አለ። እዚህ ጋ አንድ ቃል ጎድሏል። ከሰማይ የተሰማው «የምወድህ ልጄ» ነበር። ፈታኙ ልጅነቱን ሲያነሣ ፍቅሩን ቆርጦ ጥሎታል። ስንት ጊዜ አንብቤው ሳላየው እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ፍቅሩ ከወጣ በኋላ የቀረው ልጅነት ማስረጃ ይጠየቅበታል። ድንጋዩን እንጀራ አድርግ። ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር። አሳየን!

ጌታ አላሳየም። ልጅ መሆኑንም ለማስረዳት አልተከራከረም። ሦስቴ መለሰ፣ ሦስቱም ከኦሪት ዘዳግም ናቸው። አባቱ የተናገረው በቂው ነበር።

«እሱ እኮ ኢየሱስ ነው፣ እኔ ማን ሆኜ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ልጅነታችን እንደ እርሱ ልጅነት አይደለም። የእኛ በእርሱ በኩል የተሰጠን ነው። ዮሐንስ ለተቀበሉት ሁሉ የእግዚአብሔር ልጆች ይሆኑ ዘንድ ሥልጣን ሰጣቸው ይላል። ለጎበዞቹ አላለም። ጥሪያቸውን ላወቁትም አላለም። ለተቀበሉት።

ያ «ከሆንህ» ዛሬም አልቆመም። ስልካችን ቀኑን ሙሉ ይለናል። ቆንጆ ከሆንሽ ፎቶውን፣ ጎበዝ ከሆንክ ውጤቱን፣ ደስተኛ ከሆናችሁ ቪዲዮውን። ስለ ሶሻል ሚዲያ ብዙ ስለተባለ እኔ አልጨምርበትም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ እዚሁ መካከላችን ያለው ነው። አዲስ ወጣት ሲመጣ ስሙን እንኳ በቅጡ ሳንይዝ «በምን ታገለግላለህ?» እንለዋለን። የሚዘምር ከሆነ ፊታችን ይፈካል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ «አልተያዘም» እንላለን።

እኔ ራሴ ለዓመታት መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ታመምኩና ሐኪም ለጥቂት ወራት እንዳልዘምር ከለከለኝ። የመጀመሪያው እሑድ ከሕዝቡ መካከል ተቀመጥኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። መዝሙሩ ሲጀመር ማምለክ ሲገባኝ መድረኩ ላይ የምቆምበትን ቦታ ማን እንደያዘው አያለሁ። ታዲያ እስከዛሬ የቆምኩት ለማን ነበር? የዚያን ቀን ያገኘሁትን መልስ አልወደድኩትም።

ጌታ የላካቸው ሰባዎቹ ደቀ መዛሙርት ከተላኩበት ሲመለሱ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። አጋንንት እንኳ በስምህ ይገዙልናል አሉ። ጌታም ውሸት ነው አላላቸውም፤ ሥልጣኑን የሰጣቸው እርሱ ራሱ ነው። ግን በዚህ ደስ አይበላችሁ፣ ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ አላቸው። ለምን? አገልግሎት ይመጣል፣ ይሄዳል። ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ማቴዎስ 10ን ብታነቡ አጋንንትን እንዲያወጡ፣ ድውዮችን እንዲፈውሱ ሥልጣን ከተሰጣቸው 12ቱ መካከል ይሁዳ አለ። ያው ሥልጣን ነው የተሰጠው፣ ከጓደኞቹ ጋር ነው የተላከው። ማገልገሉ ማን እንደሆነ አልነገረንም።

ስለ ስም ካነሣን ዳንኤልን ማለፍ አይቻልም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ገደማ ወደ ባቢሎን ተማርኮ ሲሄድ ብላቴና ነበር። እዚያ የጠበቀው እስር ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው። 3 ዓመት የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሑፍ መማር፣ ከንጉሡ ማዕድ መብላት፣ በመጨረሻም የመንግሥት ሥራ። ዛሬ ቢሆን «ተሳካለት» እንለው ነበር። ግን ከሁሉ አስቀድሞ የእርሱንና አብረውት የተማረኩትን የሦስት ወዳጆቹን ስም ቀየሩባቸው። ዳንኤል ማለት እግዚአብሔር ዳኛዬ ነው ማለት ነው። ሚሳኤል፣ እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው? አዛርያ፣ እግዚአብሔር ረድቷል። አናንያም የእግዚአብሔርን ጸጋ የሚናገር ስም ነው። አራቱም በተጠሩ ቁጥር አምላካቸው ይጠራል። የጃንደረቦቹ አለቃ ይህን አጠፋና ብልጣሶር፣ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ አላቸው። ንጉሡ ናቡከደነፆር በኋላ ስለ ዳንኤል ሲናገር ስሙ እንደ አምላኬ ስም ነው ይላል። የራሱን ጣዖት ብላቴናው ላይ ለጥፎበታል።

የሚገርመኝ ዳንኤል በስሙ አለመጣላቱ ነው። ትምህርቱንም ተማረ። ሥራውንም ሠራ። የቆመው ማዕዱ ላይ ነው፤ እንዳይረክስ በልቡ አሰበ ይላል። እኔ ብሆን ምናልባት በስሙ ተከራክሬ ምግቡን እበላ ነበር። ውጪ ለሚታየው መጮህ ይቀለናል። እርሱ ግን ሰው የሚለጥፍበትንና እርሱ ራሱ በልቡ የሚፈቅደውን ለየ።

ወዳጆቹንማ ብዙዎቻችን ዛሬም በባቢሎን ስማቸው ነው የምንጠራቸው። ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ እንላለን። የተለጠፈባቸው ስም ሳይነሣላቸው እሳት ውስጥ ገቡ፣ ግን ንጉሡ ላቆመው ምስል አልሰገዱም። ድሮ የወጣብህ ስም ገና እየተከተለህ ከሆነ፣ «ሰነፉ»፣ «የዚያ ሰካራም ልጅ»፣ «ያቺ የተፈታችው» እየተባላችሁ ከሆነ፣ እዚህ ታሪክ ላይ ትንሽ ቆዩ።

ዳንኤልስ? ናቡከደነፆር አለፈ። ብልጣሶር የሚለውን ስም ያወጡለት ሰዎች አለፉ። በ539 ባቢሎን ራሷ ወደቀች። ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በአንበሶቹ ጉድጓድ አፍ ላይ ሌላ ንጉሥ በኀዘን ድምፅ ይጣራል። «የሕያው አምላክ ባሪያ ዳንኤል ሆይ!» በየትኛው ስም እንደጠራው አያችሁ?

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። «እኔ ማን ነኝ?» ያለ የመጀመሪያው እርሱ አይደለም። ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ቃል በቃል ይህንኑ ጠይቋል። ያኔ ሙሴ ወጣት አልነበረም፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነው። ወጣት ሳለማ ጥያቄው አልነበረውም። እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ 7 ሲተርክ፣ ሙሴ 40 ዓመት ሲሞላው እግዚአብሔር በእጁ ለወገኖቹ መዳንን እንደሚሰጥ የሚያስተውሉ መስሎት ነበር ይላል። ዓላማውን ያውቅ ነበር ማለት ነው! ትክክለኛ ዓላማም ነው። ውጤቱ ግን አሸዋ ውስጥ የተቀበረ አንድ ግብፃዊና ወደ ምድያም ሽሽት ሆነ። ዓላማን ማወቅ ብቻውን ሰውን አያቆምም ስል ይህን እያሰብኩ ነው።

ሌላ 40 ዓመት በጎች ጠበቀ። አሁን «እኔ ማን ነኝ?» አለ። እግዚአብሔር ምን መለሰለት? የቤተ መንግሥት ትምህርት አለህ፣ ምድረ በዳውን ታውቀዋለህ ሊለው ይችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም አላነሣም። «እኔ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ነው ያለው። መጀመሪያ ሳነበው ጥያቄውን የዘለለው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ መልስ ያለውም አይመስለኝም። ኤርምያስም ብላቴና ነኝ ባለ ጊዜ ያገኘው ይህንኑ ነው። ብላቴና ነኝ አትበል፣ እኔ ከአንተ ጋር ነኝና።

ስለ ሥራው ደግሞ ብዙ አላስጨንቃችሁም። ጥሪ እግዚአብሔር የሆነ ቦታ ደብቆት፣ እኛ በአንድ የተሳሳተ ውሳኔ ለዘላለም የምናጣው ዕቃ የሚመስላቸው ልጆች አውቃለሁ። እንቅልፍ ያጣሉ። ዳዊትን ተመልከቱ። ሳሙኤል ዘይቱን አፍስሶበታል፣ መንፈስ ቅዱስ ወርዶበታል። ቀጥሎ ሳኦል ሲያስጠራው የት ተገኘ? «ከበጎች ጋር ያለውን ልጅህን ዳዊትን ላክልኝ» ነው የሚለው። ንጉሥ ለመሆን ተቀብቶ ወደ መንጋው ተመልሷል። በጎቹን አልናቃቸውም። ወንጭፉን የለመደውም እዚያው መስክ ላይ መሆን አለበት። የተሰጣችሁ ትምህርት፣ የያዛችሁት ሥራ፣ የታመመች እናት፣ ታናሽ ወንድም፣ ዛሬ እነዚህ ናቸው በእጃችሁ ያሉት። ነገ ሌላ ይመጣ ይሆናል።

ልጁን ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘሁት። ያለፈውን መልሴን ይቅር እንዲለኝ ጠየቅኩት፣ እርሱ ደግሞ አፈረ። የቤት ሥራ ሰጠሁት። «የኤፌሶን መልእክትን የመጀመሪያ 3 ምዕራፎች አንብብ። ጳውሎስ አድርጉ እያለ የሚያዝዘውን ሁሉ ቁጠርና ንገረኝ።» ጳውሎስ በተጠራችሁበት መጠራት እንደሚገባ ተመላለሱ የሚለው ምዕራፍ 4 ላይ ደርሶ እንደሆነ አልነገርኩትም።

በሚቀጥለው ጥናት ሳልጀምር ቀርቦ ወረቀት አሳየኝ። አንዱ ጎን ሞልቷል። የተመረጣችሁ፣ የተዋጃችሁ፣ የታተማችሁ፣ ሙታን ሳላችሁ ሕይወት የተሰጣችሁ፣ ርቃችሁ ሳለ የቀረባችሁ። ሌላው ጎን ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት» አለኝ። «ትእዛዝ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። 2፥11 ላይ።»

«ምን ይላል?»

«አስቡ።»