ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ ኡቡንቱ ሲጠፋባችሁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እዚህ አዳማ የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ነው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ በሙሉ ያለው ኡቡንቱ ላይ ነው፤ ከዊንዶውስ ጎን የጫነው የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም ነው። ማታ ዊንዶውሱ አፕዴት አደረገ፤ ጠዋት ሲከፍተው ግራብ የሚባለው ሁለቱን የሚያስመርጠው ሜኑ የለም፣ ቀጥ ብሎ ዊንዶውስ ይገባል። አንድ ጥገና ቤት ቢወስደው "ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም" አሉት። "ጋሼ፣ የስድስት ወር ሥራዬ ሄደ" አለኝ። አልሄደም ነበር።

"አፕዴቱ ኡቡንቱን አጠፋው"

ሰው ፋይሉን በከንቱ የሚያጣው በዚህ እምነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተነካው የመነሻ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። የአሁኖቹ ላፕቶፖች የሚነሱት ዩኢኤፍአይ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ መጀመሪያ የቱ ይነሳ፣ ቀጥሎ የቱ የሚል ዝርዝር ተቀምጧል። ዲስኩ ላይ ደግሞ ለማስነሻ የተለየች ትንሽ ክፍል አለች፤ የዊንዶውስና የኡቡንቱ ማስነሻዎች እዚያ በየራሳቸው ፎልደር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አፕዴት ዊንዶውስን አናት ላይ ሲያወጣው ኡቡንቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፋይሎቻችሁ ግን ያሉበት ናቸው።

ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲያበራ ኤፍ 12ን ደጋግሞ እንዲጫን ነገርኩት። ዴልና ሌኖቮ ላይ ባብዛኛው ኤፍ 12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9። ዝርዝሩ መጣ፤ ከላይ "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር"፣ ከሥሩ "ኡቡንቱ"። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ "ይኸው አለ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ባዮስ የሚባለው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ ገብተን ኡቡንቱን ወደ ላይ አወጣነው፤ በቃ፣ አለቀ።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ሰክታችሁ አስነሱ፤ ጫን የሚለውን ሳይሆን ሞክር የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ ቡት ሪፔር በሚባለው ፕሮግራም ማስነሻውን መልሱ።

"መፍትሔው ፎርማት ነው"

ፎርማት የመጨረሻው መጨረሻ ነው። እዚያ ቢደረስ እንኳ በዚያው ፍላሽ አስነስታችሁ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ለጠጋኝ ስትሰጡ "ዳታው እንዳይነካ" በሉ፣ ጠጋኙ እሺ ካላለ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ።

"ሴኪዩር ቡትን አጥፋው፣ ይሠራል"

ግማሹ እውነት ነው። ሴኪዩር ቡት የማይታመን ማስነሻ እንዳይነሳ የሚያግድ ጥበቃ ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2024 ማይክሮሶፍት የድሮና ክፍተት ያለባቸውን ማስነሻዎች የሚያግድ አፕዴት ለቆ ነበር። ሁለት ሲስተም የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች እንዲያልፍ ነበር የታሰበው፤ አንዳንዶቹን ግን ስላላወቃቸው ሊኑክሳቸው አልነሳ አለ። ያኔ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ፣ ሊኑክሱ ገብቶ እገዳውን ሰርዞ፣ ሲስተሙን አፕዴት አድርጎ መልሶ ማብራት ነበር መፍትሔው። አጥፍቶ መተው ግን በሩን ክፍት ጥሎ እንደመሄድ ነው።

እና እባካችሁ፣ ሴኪዩር ቡትን ከመንካታችሁ በፊት ቢትሎከር የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ ቁልፍ አስቡ። ብዙዎቹ አዳዲስ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፉታል፤ ባለቤቱ ጭራሽ ላያውቅ ይችላል። ባዮስ ላይ አንድ ነገር ሲቀየር 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ በዊንዶውስ በኩል ያለው ፋይል በእውነት ሄደ ማለት ነው፣ የትም ጠጋኝ አይመልሰውም። ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ዛሬ።

"ሻት ዳውን ካልኩት ጠፍቷል"

ፋስት ስታርታፕ ከበራ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግማሹ ያንቀላፋል። ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ዲስክ ልክፈት ሲል "አይጻፍበትም" የሚለው ለዚህ ነው። አስገድዳችሁ አትክፈቱት፣ ፋይል ይበላሻል። ዊንዶውስ ገብታችሁ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርታፕን አጥፉ።

"ሰዓቱ የሚዛባው ባትሪው ስለሞተ ነው"

ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ ደህና ነው። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ደግሞ 3 ሰዓት እንቀድማለን።

"ከዚህ በኋላ አፕዴት የሚባል ነገር አልፈልግም"

ንዴቱ ይገባኛል፤ ግን የደህንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በአፕዴት ነው። ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ፤ መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ላፕቶፑ ከተዘጋ ያኔ ነው እውነተኛው ጣጣ። የማስነሻ ፍላሽም አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ከተበላሸ በኋላ የሰው ኮምፒውተር ፍለጋ እንዳትዞሩ።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ፕሮጀክቱን ፍላሽ ላይ ገለበጠ። ከዚያ ቤት ከሚቀረው ደብተሩ ጀርባ ላይ 48ቱን ቁጥሮች እየጠራሁለት ጻፈ፤ ሲጨርስ ደግሞ እሱ እያነበበልኝ እኔ ስክሪኑ ላይ አመሳከርኩ።