ሞተረኛው ወይስ ሞተሩ? ስለ ሞቶጂፒ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞቶጂፒ የዓለም ከፍተኛው የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። በ2024 ሻምፒዮናው ከተካሄዱት 20 ዋና ውድድሮች 19ኙን የጣሊያኑ ሞተር አምራች ዱካቲ አሸነፈ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቀረችውን አንዷን፣ የኦስቲኑን ውድድር፣ ማቬሪክ ቪኛሌስ በአፕሪሊያ ሞተር ወሰዳት። እንዲህ ያለ ዓመት ሲያልፍ የቆየው ክርክር እንደገና ይነሳል። ግማሹ «የሞተሩ ጉልበት ነው፣ ሰውዬው ምን ሠራ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጎበዝ በምንም ላይ ቢቀመጥ ጎበዝ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል።

ሁለቱም ወገን ማስረጃ አያጣም። ችግሩ፣ ሁለቱም ድሉን በመቶኛ ቆርሰው ለሰውና ለማሽን ሊያካፍሉ መሞከራቸው ነው። ለእኔ ይህ አከፋፈል ከመነሻው አያስኬድም። ለምን እንደሆነ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እያነሳሁ ላሳያችሁ።

«ምርጥ ሞተር ላይ ማንም ቢወጣ ያሸንፋል»

ከ2024 እንነሳ። ያን ዓመት ዱካቲ ስምንት ተወዳዳሪዎች ነበሩት። አራቱ አዲሱን ሞዴል፣ አራቱ ደግሞ የ2023ቱን ሞዴል ያዙ። ማርክ ማርኬዝ የደረሰው ያለፈው ዓመት ሞተር ነው። በእሱም አራጎን፣ ሚዛኖ እና ፊሊፕ አይላንድ ላይ አሸንፎ ሻምፒዮናውን 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያንኑ አሮጌ ሞዴል የያዙት ሌሎቹ ሦስት ሰዎች ግን አንድም ዋና ውድድር አላሸነፉም። ታናሽ ወንድሙ አሌክስ 8ኛ ወጣ።

ይህ ብቻውን ካላሳመነ 2022ን እንይ። ፋቢዮ ኳርታራሮ በያማሃ 248 ነጥብ ሰብስቦ እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ለዋንጫው ተፋለመ። ከእሱ ቀጥሎ ከያማሃዎች የተሻለ ያገኘው ፍራንኮ ሞርቢዴሊ ነው፤ ያውም 42 ነጥብ። በ2019 ደግሞ ማርኬዝ በሆንዳ 420 ነጥብ ሲያገኝ፣ ሁለተኛው የሆንዳ ሰው ካል ክራችሎው 133 ላይ ቆመ። ያን ዓመት ሆንዳ የሞተረኛውን፣ የቡድኑንም የአምራቹንም ዋንጫ ጠራርጎ ስለወሰደ፣ ከሩቅ ለሚያየው «ምርጡ ሞተር» ይመስል ነበር። ማርኬዝን ከመሃል አውጥታችሁ የነጥብ ሰንጠረዡን ብታዩት ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚነግራችሁ።

ኬሲ ስቶነርም አለ። በ2007 ከ18 ውድድሮች 10ሩን በዱካቲ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። የቡድን ጓደኛው ሎሪስ ካፒሮሲ፣ ዱካቲን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው፣ አንድ ድል ብቻ አግኝቶ 7ኛ ወጣ። ስቶነር በ2010 መጨረሻ ላይ ሲለቅ ዱካቲ እስከ 2016 ድረስ አንድም ውድድር አላሸነፈም።

«እውነተኛ ሻምፒዮን በየትኛውም ሞተር ያሸንፋል»

እንግዲህ ይኸኛው ደግሞ ከላይ ያለውን ሰምቶ በጣም ደስ ያለው ሰው የሚለው ነው። እሱም ልክ አይደለም።

ስቶነር የለቀቀውን ቦታ የያዘው ማን ነበር? ቫለንቲኖ ሮሲ። በከፍተኛው ምድብ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው። በ2011 እና በ2012፣ ሁለት ሙሉ ዓመት በዱካቲ ተወዳድሮ አንድም ድል አላገኘም። ሦስት ጊዜ ፖዲየም (ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች) ላይ ወጣ፣ አለቀ። በ2013 ወደ ያማሃ ሲመለስ በዚያው ዓመት አሰን ላይ አሸነፈ። በመካከሉ ችሎታው ጠፍቶ ተመለሰ እንዳንል ያስቸግራል።

የሮሲ እሮሮ አንድ ነበር። ወደ ኩርባው ሲገባ የፊት ጎማው ምን እያደረገ እንደሆነ አይነግረውም። ሞተሩን ሲያጋድል ጎማው መያዝ አለመያዙን በመሪው በኩል ካልተሰማው ሞተረኛ ወይ ፍጥነት ይቀንሳል ወይ ይወድቃል። ዱካቲ ሻንሲውን (የሞተሩን አጽም) ደጋግሞ ለወጠ፤ ከካርቦን ፋይበር ወደ አሉሚኒየም እስከ መሄድ ደረሰ። አልሆነም። ስቶነር በዚያ ስሜት እጦት ላይ መጋለብ ይችል ነበር፣ ሮሲ አልቻለም። በሌላ ሞተር ላይ ግን የሮሲ ስሜት ማንም የሌለው ሀብት ነበር።

ራሱ ማርኬዝም ከዚህ አላመለጠም። በ2023 የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ሆንዳ ወድቆ ነበር። በዋና ውድድሮች ያገኘው ትልቁ ውጤት ሞቴጊ ላይ 3ኛ መውጣት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዱካቲ ማሸነፉን ከላይ አይተናል።

«ሮሲ በ2004 በደካማ ሞተር ነው ሻምፒዮን የሆነው»

ይህን አባባል እኔም እወደዋለሁ፤ ታሪኩ ያምራልና። ግማሹ ግን ተቆርጦ ነው የሚወራው።

የሚወራው ክፍል እውነት ነው። በ2003 ከ16 ውድድሮች 15ቱን ሆንዳ አሸንፏል፤ ያማሃ አንድም አላሸነፈም። ያማሃ የከፍተኛውን ምድብ ዋንጫ ከ1992 ወዲህ አላነሳም ነበር። ሮሲ ሆንዳን ትቶ ወደ ያማሃ ሄደ። ደቡብ አፍሪካ ዌልኮም ላይ፣ በመጀመሪያው ውድድር፣ ማክስ ቢያጂን በ0.21 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። ዓመቱንም በ9 ድል ሻምፒዮን ሆኖ ዘጋ።

የማይወራው ደግሞ ከዚያ በፊት ክረምቱን ፋብሪካው ውስጥ የሆነው ነው። የያማሃው መሐንዲስ ማሳኦ ፉሩሳዋ ለሮሲ የተለያዩ ኢንጂኖች አዘጋጀለት። ሮሲ ማሌዢያ ሴፓንግ ላይ ሁሉንም ሞከራቸውና ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) የተቀየረውን መረጠ። በተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ኢንጂን ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ፒስተን ከሌላው በ90 ዲግሪ ይለያያል። ጥቅሙ ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት አልነበረም። ፒስተኖቹ አንድ ላይ ሲቆሙና ሲነሱ የሚፈጥሩት መንገጫገጭ ስለሚጠፋ፣ ሞተረኛው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ በሰጠ መጠን የኋላ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ኃይል ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ያማሃ እስከ ብዙ ዓመት በዚህ አሠራር ቀጠለ።

ሮሲ ብቻውንም አልሄደም። ዋና መካኒኩን ጄረሚ በርጅስንና አብዛኞቹን የሆንዳ ባልደረቦቹን ይዞ ነው የተሻገረው። ስለዚህ «ደካማ» የተባለው ሞተር ሮሲ ሲወጣበት ያው የ2003ቱ ሞተር አልነበረም። በሌላ በኩል ያንኑ ዓመት በዚያው ቡድን የነበረው ካርሎስ ቼካ 7ኛ ነው የወጣው። አያችሁ፣ ሰውየው ሞተሩን መርጦ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያም ጋልቦታል። የቱ ጋ ነው ሞተሩ የሚያበቃው፣ የቱ ጋ ነው ሮሲ የሚጀምረው? እኔ መስመሩን ማግኘት አልቻልኩም። ያለም አይመስለኝም።

«የቡድን ጓደኛሞች ሞተር አንድ ስለሆነ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነው»

ከሌሎቹ ንጽጽሮች ይሻላል፤ እኔም ከላይ ተጠቅሜበታለሁ። ግን በጥንቃቄ ነው መያዝ ያለበት።

ሆርሄ ሎሬንዞን ውሰዱ። በያማሃ ሦስት ጊዜ የሞቶጂፒ ሻምፒዮን ነበር። በ2018 በዱካቲ ሦስት ውድድር አሸነፈ። በ2019 ሆንዳ ገብቶ ከማርኬዝ ጎን ተሰለፈና ዓመቱን ሙሉ 28 ነጥብ አገኘ። አሰን ላይ ወድቆ አከርካሪው መሰንጠቁም አለበት፤ ይህ መረሳት የለበትም። ከመውደቁ በፊትም ቢሆን ግን አልሆነለትም ነበር። ሎሬንዞ ኩርባውን በሰፊውና በለስላሳው፣ ፍጥነቱን ሳይጥል የሚያልፍ ሰው ነው። ያ ሆንዳ ደግሞ ፍሬን እስከ መጨረሻው ድረስ ጨምቆ፣ ሞተሩን በኃይል አዙሮ ለሚወጣ ሰው የተሠራ ነበር። ለማን? ለማርኬዝ። ፋብሪካ ለዓመታት የአንድን ሰው አስተያየት እየሰማ ሲሠራ፣ ሞተሩ ቀስ በቀስ የዚያ ሰው ልክ ይሆናል። ሌላው ሲለብሰው ይጠበዋል።

በ2025ም ተመሳሳይ ነገር አየን። ፍራንቼስኮ ባኛያ በ2024 በዱካቲ 11 ዋና ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ማርኬዝ ወደዚያው ቡድን ሲመጣ፣ ማርኬዝ ሻምፒዮን ሆነ፣ ባኛያ 5ኛ። ባኛያ ፍሬን ሲይዝ ከፊት ጎማው የሚፈልገውን እምነት አጣሁ እያለ ነበር ዓመቱን የገፋው። በአንድ ክረምት ችሎታ አይጠፋም። በሞተሩ ላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ አንዱን ሳይነካ ሌላውን ሊያሰናክል ይችላል።

«በቀጥታው መንገድ ላይ የፈጠነ ያሸንፋል»

አጭር መልስ፦ አያሸንፍም። በ2023 ሙጄሎ ላይ ብራድ ቢንደር በኬቲኤም በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር በርሮ ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ቀን ስፕሪንቱን (ከዋናው ውድድር በፊት የሚደረገውን አጭር ውድድር) ያሸነፈው ግን ባኛያ ነው። በ2021 ሻምፒዮን የሆነው የኳርታራሮ ያማሃም በቀጥታ መንገድ ላይ በዱካቲዎች ሲታለፍ የነበረ ሞተር ነው። ጊዜው የሚገኘው ፍሬን ሲያዝና ከኩርባ ሲወጣ ነው።

«አሁንማ የሚጋልበው ኮምፒውተሩ ነው»

ኤሌክትሮኒክሱ ብዙ እንደሚሠራ አልክድም። የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት፣ የፊቱ እንዳይነሳ፣ የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ኢንጂኑ ሞተሩን በልክ እንዲይዘው ያግዛል። ግን ከ2016 ጀምሮ ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ኮምፒውተርና አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ነው የሚጠቀመው። መኪና ላይ የምናውቀው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን ደግሞ በሞቶጂፒ ክልክል ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የፊት ፍሬኑን የሚጨምቀው የሰውየው ጣት ነው፤ ጎማው ሊቆለፍ ሲል የሚሰማውም እሱ ራሱ።

የ2025ቱን የመጀመሪያ ውድድር፣ ታይላንድ ቡሪራም ላይ የተደረገውን ላስታውሳችሁ። ማርኬዝ እየመራ ነበር። በሕጉ መሠረት የፊት ጎማ አየር በአብዛኛው የውድድሩ ክፍል ከ1.8 ባር ማነስ የለበትም፤ ካነሰ 16 ሰከንድ ቅጣት አለ። ከፊት ብቻህን ስትሄድ ንጹሕ አየር ጎማውን ያቀዘቅዘዋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ማርኬዝ ይህን ሲያይ 7ኛው ዙር ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ ወንድሙን አሌክስን አሳለፈ። ከዚያ ከኋላው ተለጥፎ፣ ከፊቱ ካለው ሞተር በሚወጣው ሙቀት ጎማውን እያሞቀ ብዙ ዙር ተጓዘ። ሊያልቅ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ አልፎት አሸነፈ። ሕጉን፣ ጎማውን፣ የቀሩትን ዙሮችና ተቀናቃኙን በአንድ ጊዜ አስልቶ መሪነትን በፈቃዱ የለቀቀው ሰው ነው። ሶፍትዌሩ አይደለም።

«ቀላል ክብደት ያለው ሰው ሁሌም ያተርፋል»

በሞቶጂፒ ሞተሩ ብቻውን ነው የሚመዘነው፤ ዝቅተኛው 157 ኪሎ ነው። ስለዚህ ቀላል ሰው ሲፈተለክ በእርግጥ ያተርፋል። ዳኒ ፔድሮሳ ግን የሌላኛውን ወገን ኪሳራ በደንብ ያውቀዋል። ክብደቱ ስለሚያንስ ጎማውን ተጭኖ ለማሞቅ ይቸገር ነበር። በተለይ በቀዝቃዛ ቀን። በከፍተኛው ምድብ 31 ጊዜ አሸንፎ፣ በሻምፒዮናው ሦስት ጊዜ 2ኛ ወጥቶ፣ ዋንጫውን ሳያነሳ ጡረታ ወጣ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ቢሰጣቸው ማን ጎበዝ እንደሆነ ይታወቃል»

ከሁሉም አባባሎች በጣም አሳማኙ ይህ ነው። ደግነቱ ተሞክሯል። ከሞቶጂፒ በታች ያለው ሞቶ2 ከ2010 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኢንጂን ነው የሚሰጠው፤ መጀመሪያ የሆንዳ 600 ሲሲ፣ ከ2019 ወዲህ የትራይምፍ 765 ሲሲ። ሻንሲው ሊለያይ ይችላል፣ ግን አብዛኛው ከአንድ አምራች፣ ከካሌክስ፣ ሲገዛ ቆይቷል።

አንዳንዴ ይህ መድረክ ልዩ ችሎታን ገላልጦ ያሳያል። በ2012 ቫሌንሲያ ላይ ማርኬዝ ከ33ኛ ተነስቶ በዝናብ በረጠበ መንገድ ሁሉንም አልፎ አሸነፈ። ግን ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሬሚ ጋርድነር በ2021 የሞቶ2 ሻምፒዮን ሆነ። ሞቶጂፒ ገብቶ በኬቲኤም አንድ ዓመት ብቻ ቆየ፤ 23ኛ ወጥቶ ቦታውን አጣ። ኳርታራሮ ግን በ2018 ሞቶ2ን የጨረሰው 10ኛ ሆኖ ነው። ያኔ ያማሃ ሲያስፈርመው ብዙ ሰው ምን አይተው ነው ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና በአራተኛው የሞቶጂፒ ውድድሩ፣ ሄሬዝ ላይ ከሁሉም ፈጥኖ ፖል (የመጀመሪያውን የመነሻ ቦታ) ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ።

የሞቶ2 ሞተር ለኳርታራሮ የማይመች ነበር፣ ያማሃው ተመቸው። እኩል ሞተር እኩል ዕድል አይሰጥም፤ ያ ሞተር የሚመቸውን ሰው ነው የሚመርጠው። ኳርታራሮ በሞቶ2 ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቢቆይ ኖሮ ዛሬ ስሙን የምናነሳው አይመስለኝም።