«ጎበዝ ነኝ» ማለት አይደለም፦ ራስን ስለማጽናት ልምምድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መስተዋት ፊት ቆሞ ራስን ማወደስ ነው»

አይደለም። ራስን ማጽናት ተማሪዎች ከፍ አድርገው ስለሚያዩዋቸው እሴቶች አጭር ጽሑፍ የሚጽፉበት ልምምድ ነው። የተነሣውም ክሎድ ስቲል የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1988 (እ.ኤ.አ.) ካቀረበው ሐሳብ ነው፦ ሰው በአንድ በኩል ክብሩ ሲነካ በሌላ በኩል ያለውን ዋጋ ካሰበ ይረጋጋል። ስለዚህ ሒሳብ የሚያስፈራው ልጅ ስለ ሒሳብ አይጽፍም፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ እምነቱ ወይም ስለ ሙዚቃ ይጽፋል። ውዳሴውማ ሊጎዳም ይችላል። በ2009 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ፣ ካልደጋገሙት ይልቅ ስሜታቸው ወረደ። የማያምኑትን ሲናገሩ ውስጣቸው ይከራከራቸዋል።

«በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ከብዛቱ ይልቅ ጊዜው ይበልጣል። በአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሴት ተማሪዎችን ውጤት ያሻሻለው ልምምድ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል የተሰጠ ነበር። ከመጀመሪያው ፈተና በፊት መስጠት ይመረጣል፤ ዝቅተኛ ውጤት ጥርጣሬን፣ ጥርጣሬም ሌላ ዝቅተኛ ውጤትን መውለድ ከጀመረ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አስር ያህል እሴቶች የተዘረዘሩበት ወረቀት ይታደላል፤ ተማሪው ሁለት ወይም ሦስት ይመርጣል፤ ለምን እንደሚወዳቸውና መቼ እንደጠቀሙት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጽፋል። ፊደል መሳት አያስጨንቀውም። «ጥሩ ውጤት» የሚለው ምርጫ ባይገባ ይሻላል፤ ልጁን ወደሚሸሸው ሥጋት ይመልሰዋል። የአሜሪካውን ዝርዝር እንዳለ መተርጎምም አይበጅም፤ እዚያ «ፖለቲካ» አንዱ አማራጭ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያየ ተማሪ ወረቀቱን መጠርጠሩ አይቀርም። ኳስ፣ መዝሙር፣ ጓደኝነት፣ ጨዋታ አዋቂነት ይበቃሉ።

«ማንኛውንም ተማሪ፣ የትም ይረዳል»

በ2006 በወጣው ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት የተጠቀሙት ጥቁር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ «ዘራችሁ አይችልም» የሚለው አሉታዊ ግምት የማይጫናቸው ነጮች ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሲሞከር ጥቅሙ አነስ ብሎ ተገኘ፤ በቀጣዩ ዙር ተማሪዎች ላይ ደግሞ አልተደገመም። ሥጋት በሌለበት የሚያነሣው ነገር የለም፤ መምህርና መጽሐፍ በሌለበትም ውጤት አያመጣም።

«ዓላማውን አስረድቶ፣ ጽሑፉን አርሞ መመለስ ያስፈልጋል»

ሁለቱም ያበላሹታል። «ይህ ጭንቀታችሁን ይቀንሳል» ተብሎ ሲታዘዝ ኃይሉ ይደክማል፤ እንደ ተራ የክፍል ጽሑፍ ይሰጥ። ደካማ የተባሉትን ለይቶ መስጠት ደግሞ «ተጠርጥራችኋል» ብሎ መንገር ነው፤ ለክፍሉ በሙሉ ይታደል። ነጥብም ቀይ እስክሪብቶም አይግባበት። አለማረም ግን አለማንበብ አይደለም፤ ጥቃት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ የጻፈ ልጅ ቢኖር፣ በዚያው ቀን የሚያነጋግረው ሰው አስቀድሞ ይመደብ።