ጋዙ ሲወጣ የሚጠቀጠቅ አለት፦ የግሮኒንገን ክትትል

ግሮኒንገን በሰሜን ኔዘርላንድስ የሚገኝ ሜዳማ ክፍለ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ስሎክተረን በተባለች መንደር አጠገብ እጅግ ግዙፍ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ተገኘ። በ1963 ማምረት ተጀመረ፤ አገሪቱም ለአሥርት ዓመታት ቤቷን አሞቀችበት።

ጋዙ ያለው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች፣ ደቃቅ ቀዳዳዎች ባሉት አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ነው። የጋዙ ግፊት ከላይ ያለውን ክብደት በከፊል ይሸከማል። ጋዙ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ይጠቀጠቃል፣ ላዩም ይሰጥማል። በአንዳንድ ቦታ መሬቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። ድንጋዩ በቆዩ ስንጥቆች ግራና ቀኝ እኩል አይጠቀጠቅም። ጫናው ሲበዛ ስንጥቁ ድንገት ይንሸራተታል፤ መሬት ይንቀጠቀጣል።

ትልቁ መንቀጥቀጥ ነሐሴ 2012 ሁይዚንገ በተባለች የግሮኒንገን መንደር የደረሰው ነው፤ መጠኑ 3.6 ነበር። ቁጥሩ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ግን መነሻው ለምድር ገጽ ቅርብ ነው፣ ለስላሳው አፈር ንዝረቱን ያጎላዋል፣ የጡብ ቤቶቹም ለመንቀጥቀጥ ታስበው አልተሠሩም። ግድግዳቸው የተሰነጠቀባቸው ሰዎች ለዓመታት ሰሚ አጥተው ኖረዋል። በ2023 የወጣው የፓርላማ ምርመራም ይህንኑ አረጋግጧል።

ጥቅጥቅ ያለው የመከታተያ መረብ የተዘረጋው ከሁይዚንገ በኋላ ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ተቋም 200 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች አስቆፈረ። በየ50 ሜትሩ ጂኦፎን፣ ማለትም ንዝረት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሌላ መለኪያ። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የመኪናና የነፋስ ሁካታ ይቀንሳል። ሞገዱ ሽቅብ ሲወጣ አፈሩ ምን ያህል እንደሚያጎላውም በግልጽ ይታያል። የመሬቱን መስመጥ ጂፒኤስና የሳተላይት ራዳር ይከታተሉታል።

በጣም የሚገርመኝ ግን መንቀጥቀጥ ሳይጠበቅ የሚሠራው ዘዴ ነው። የባሕር ማዕበል ምድርን ያለማቋረጥ በስሱ ያነዝራል። ይህ ንዝረት ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በየጊዜው ይነጻጸራል። አለት ሲሰነጣጠቅ ሞገዱ ይዘገያል፤ ሲታመቅ ይፈጥናል። ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ከፍና ዝቅ ማለትም ፍጥነቱን ስለሚቀይር፣ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምርቱ በጥቅምት 2023 ቆሟል። መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም፤ ግፊቱ ከአንዱ የክምችቱ ክፍል ወደ ሌላው ገና እየተስተካከለ ስለሆነ መለኪያዎቹ ዛሬም ይሠራሉ።